ሦስት እሺና አንድ ቁልፍ

አባባ ሳለ፤ ወንድሜም ሳለ። አባባ የጆሮውን ሥር አከክ አከክ አደረገ፤ ወንድሜም የራሱን ጆሮ ሥር አከከ። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ እየመታሁ ስለነበር መጀመሪያ ልብ አላልኳቸውም። አባባ እግሩን ሲያነባብር እሱም ሲያነባብር፣ አባባ ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲል እሱም ዘንበል ሲል ነው ቀና ያልኩት። እሁድ ጠዋት ነው፤ ሻይ ቀርቧል፤ አባባ ሶፋው ላይ፣ ወንድሜ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱ ሌላውን ይገለብጣል። አባባ ደግሞ የዋዛ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ስንቱን አጭበርባሪ በመስታወት እያየ የሸኘ ሰው ነው። ነገሩ ሳይሸተው አልቀረም፣ ቀስ ብሎ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ወንድሜ ትንሽ አመነታና እሱም ጫነ። ሁለቱም ሰው የሞተባቸው መስለው ተፋጠጡ። «አንቺ፣» አለኝ አባባ እጁን ሳያወርድ፣ «ይሄ ልጅ ጤና ነው?»

«ጤና ነው አባባ፤ ሰልጥኖ ነው» አልኩት።

እውነቴን ነው፣ ሰልጥኖ ነው። ታናሽ ወንድሜ ፍራሽ ሻጭ ነው። የሱቁ ባለቤት ገበያው ሲቀዘቅዝበት ሠራተኞቹን ሰብስቦ አንድ አዳራሽ ውስጥ አስገባቸውና የማሳመን፣ የማስታወስ፣ የመማርና የመወሰን ጥበብ በአሰልጣኝ አስተማራቸው። እዚያ «የተማርከውን ለሌላ ሰው ካላስተማርክ አልተማርክም» ተብሎ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየደወለ እኔን ማስተማር ሆነ ሥራው። መርፌ በአፌ ይዤ፣ ስልኩን በትከሻዬ አጣብቄ፣ ስንቱን ጥበብ ሰማሁት! ሰው ራሱን የሚመስለውን ሰው ያምናል፣ ስለዚህ ደንበኛህ የሚያደርገውን አድርግ አሉት። እሺ፣ ጥሩ። በማግስቱ አንዲት ሴት ፍራሽ ልትሞክር ጋደም ብትል፣ ወንድሜ ሆዬ አጠገቧ ጋደም አይል መሰላችሁ! ባልየው ደግሞ ከኋላ ቆሟል። ያን ቀን ጥርሱን ይዞ መግባቱ የአባባ ምርቃት ነው እላለሁ።

ዛሬ ግን የመጣው ፍራሽ ሊሸጥ አይደለም፤ የአባባን የታክሲ ቁልፍ ሊቀበል ነው። ባለፈው ሳምንት አባባ ደንበኛ አድርሶ ባዶውን ወደ ቤት ሲመለስ፣ በጠባቧ መንገዳችን የጎረቤታችንን የልብስ ገመድ በቀኙ መስታወት መንግሎት ሄደ። ነጭ አንሶላ እያውለበለበ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ነዳ። ዳቦ ሻጯ ሙሽራ የጫነ መስሏት እልል አለችለት። ሰፈሩ ሲስቅ ሰነበተ፣ አባባም አብሮ ሳቀ። ጎረቤታችን የጨቀየ አንሶላዋን ታቅፋ በራችን ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ አንሶላ ምን አላት፣ ትታጠባለች። ከአንሶላው ኋላ ግን እኔ ቆሜ ነበር» አለችው። ይሄንንም እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሌሊቱንም አልተኛሁም። ዛሬ አንሶላ የወሰደ መስታወት ነገ ሰው ይወስዳል። ይሄ አንዱ ፍርሃቴ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ቁልፉን የሰጠ ቀን አባባ ጠዋት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጃኬቱን ደርቦ የት ይሄዳል? እዚች ሶፋ ላይ ተቀምጦ የእኔን ስፌት ሲቆጥር ይውላል? ሁለቱን ፍርሃት በሆዴ ይዤ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ! ወንድሜ ግን ዝም የሚባል ትምህርት አልተሰጠውም።

መገልበጡ እንደማያዋጣ ሲያይ እጁን ከአናቱ አወረደና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ደግሞ የማስታወሱ ተራ ነው። ንግግርህን አትሸምድድ፣ ነጥቦችህን በምታውቀው ቤት ዕቃዎች ላይ አስቀምጣቸው፣ ከዚያ በዓይንህ እየዞርክ ልቀማቸው ተብሏል። ለዚህም የእኛን ሳሎን መርጧል፤ አድጎበታላ። ወደ በሩ ተመለከተና «አንደኛ፣ ጤና!» አለ። ስለ ጤና ጥሩ ተናገረ፣ አልዋሽም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረና አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ትናንት ብርሃን ፍለጋ ስፌት መኪናዬን ወደ ግድግዳው፣ ሶፋውን ወደ መስኮቱ፣ ቁም ሳጥኑን ደግሞ ወደ መኝታ ቤት አዛውሬአለሁ። እሱ ከገባ ጀምሮ አባባን ሲገለብጥ ቤቱን መች አየው!

«ሶፋው የት ሄደ?»

«መስኮቱ ጋ ነዋ፤ አባባ የተቀመጠበት ምንድነው?» አልኩት።

«ሁለተኛው ነጥቤ እኮ እሱ ላይ ነበር! ቁም ሳጥኑስ?»

«መኝታ ቤት ገባ።»

«ሦስተኛው!» ብሎ ግንባሩን ያዘ። አባባ ከተቀመጠበት ትንሽ ብድግ ብሎ ሥሩን አየት አደረገና «እዚህ ምንም የለም» አለው። «ቁም ሳጥኑ ግን አልተቆለፈም፤ ግባና አምጣው።» ወንድሜ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እውነቱን መስሎት ገባ! መኝታ ቤት ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ ትንሽ ቆየና ፊቱ እያበራ ወጣ፤ «ክብር! ሦስተኛው ክብር ነበር!» አለ። ሁለተኛው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። እኔ ሳቄን ለመደበቅ የማያስፈልግ ጠርዝ መታሁ፤ ኋላ ልተረትረው ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወንድሜም አልለቀቀም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ይሄኛውን አውቀዋለሁ፣ ሐሙስ ማታ አስተምሮኛል። ሰውየውን በትንሽ በትንሽ ነገር ሦስት ጊዜ እሺ አሰኘው፤ አፉ እሺን ከለመደ በኋላ ትልቁን ጠይቀው። «አባባ፣ መስኮቱን ትንሽ ልክፈተው?» አባባ «እሺ» አለ። «ሻይ ልድገምህ?» «እሺ።» «የልቤን ብናገር ታዳምጠኛለህ?» «እሺ።» ወንድሜ ወደ እኔ በጎን አየና ትንፋሹን ሰበሰበ። «እንግዲያው አባባ፣ ቁልፉን ስጠኝና ከነገ ጀምሮ እረፍ።»

«እሺ» አለ አባባ፣ ረጋ ብሎ።

ወንድሜ ከወንበሩ ዘለለ። «አየሽ እታለም? አራተኛውን ራሱ ሰጠኝ! ይሠራል ብዬሽ አልነበር!» አሰልጣኙ ሰውዬ የት አገር እሺን እንደተማረ አላውቅም፣ የእኛን ቤት እሺ ግን አያውቀውም። የአባባ እሺ ስንት ዓይነት ነው! ሰምቻለሁ የሚል እሺ አለ፤ አትጨቅጭቀኝ የሚል እሺ አለ፤ ልጅ ነህ አላስቀይምህም የሚል እሺ አለ። እማማ ነፍሷን ይማርና የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ምታልኝ እያለችው «እሺ» እያላት፣ በመጨረሻ መዶሻውን አንስታ ራሷ መታችው። ተመትቶ ካለቀ በኋላም «ይሄን ነገር እኮ መምታት አለብኝ» ሲል ነበር። ይሄን ሁሉ ወንድሜ ያውቃል፤ ግን ስልጠናው አስረሳው። እጁን ወደ አባባ ዘረጋ። አባባም አጠገቡ ያለውን የእኔን የስፌት ዕቃ ቆርቆሮ ከፈተ፣ በጣቱ በረበረ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ መረጠና መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

«ቁልፍ አላልከኝም?» አለው። «ባለ አራት ቀዳዳ ነው፤ ጠንካራ ነው።»

እኔ ከዚህ በኋላ አልቻልኩም፤ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ወንድሜ እንኳ ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ። ግን እልህ ያዘው። «ጥሩ! በቁልፍ ከሆነ በቁልፍ እንጨርሳታለን» ብሎ ሁለት ብርጭቆ አመጣ። ለካ የመወሰን ጥበብ የሚባለውም አልቀረለትም። አንደኛው ብርጭቆ መንዳት፣ ሁለተኛው ማረፍ፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት አንድ አንድ ቁልፍ ይገባል፣ የሞላው ያሸንፋል። አባባ ጨዋታ ነፍሱ ነው፣ ተመቻችቶ ተቀመጠ። «ደንበኞቼ» አለና ቁልፍ ጨመረ። «መኪናዋ ብቻዋን ስትቆም ትዝጋለች» አለና ጨመረ። «ቤት ስውል ይቺ ሴትዮ ትናደድብኛለች» ብሎ ወደ እኔ እያመለከተ ጨመረ። ወንድሜም «ዕድሜ» አለና ጨመረ፤ «እረፍት»፣ ጨመረ፤ «አንሶላው»፣ ጨመረ። አባባ «ለአንድ አንሶላ አንድ ቁልፍ በዛ፣ ትራስ ልብስ እንኳ አልነካሁም» ብሎ ሊያወጣው ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ከተተ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ከስፌት መኪናዬ ተነሳሁ፣ ቆርቆሮዬን አነሳሁና ያለውን ቁልፍ ሁሉ፣ የሸሚዙን፣ የቀሚሱን፣ የሕፃኑን፣ ማረፍ በተባለው ብርጭቆ ላይ ገለበጥኩት። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ሶፋው ሥር ተበተነ። «ከአንሶላው ኋላ ሰው ቆሞ ነበር አባባ» አልኩ። የመጨረሻዋ ቁልፍ እየተሽከረከረች በሩ ጋ ደርሳ ወደቀች። አባባ ፊቱ ተለዋወጠ። ከወንድሜ ጋር ይጫወት ነበር፤ ከእኔ ግን አልጠበቀም። አንጀቴን በላው፣ ግን ቃሌን አልመለስኩም።

«ዓይኔ ደህና ነው» አለ። ተነሳ፣ ጃኬቱን ደረበ፣ እውነተኛውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ተነሱ። በብርጭቆ አይደለም፣ መንገድ ላይ እዩኝ።»

ወንድሜ ሮጦ የፊቱን በር ሊከፍት ሲል «አንተ ከኋላ! ታላቅ ከፊት» አለው። ከፊት ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ አባባ መንዳት ያምርበታል። መሪውን የሚይዘው ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ነው። የትኛዋ ጉድጓድ የት እንዳለች ያውቃል፣ ሳያያት ይርቃታል። ጨዋታውም መጣለት። «ያ ጫማ ጠጋኝ ዛሬ ዘጋ እንዴ?» ሲለኝ ወደ ቀኝ አየሁና «ኧረ ደጅ ተቀምጦ እየሠራ ነው» አልኩት። አባባ መኪናውን ትንሽ ወደ ግራ ሳብ አደረጋት። ጥቂት እንደሄድን «ያቺ ነጭ መኪና አሁንም እዚያው ናት?» አለኝ። «የለችም፣ ሄዳለች» ስለው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ከዚያ ደግሞ «ያ ሰውዬ ታክሲ እየጠራ ነው?» አለኝ። ወደ ቀኝ ዞሬ ሳይ ሰው የለም፣ «ማንም የለም አባባ» አልኩት፤ እሱም ፍጥነት ጨመረ። ይሄኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁሉም ጥያቄ ስለ ቀኝ ነው! ግራውን ራሱ ያያል፤ ቀኙን እኔ አይለታለሁ፤ አንገቱም እንደ ድሮው አይዞርለትም። አባባ ደንበኛ ሲጭን «ከኋላ መቀመጥ ለትልልቅ ሰው ነው፣ ና ከፊት እንጫወት» ይላል። ሰፈሩ በሙሉ ትሑት ሰው ነው ብሎ የሚወድለት በዚህ ነው። ለካ ደንበኛው ሁሉ ሳያውቅ የቀኝ ዓይኑ ሆኖ ነው የሚሄደው። አንሶላውን የወሰደ ቀን ደግሞ መኪናው ባዶ ነበር።

መናደድ ሲገባኝ አደነቅኩት። ወንድሜ በስንት ስልጠና አንድ አባት ማሳመን አቅቶት ሲቸገር፣ ይሄ ሰውዬ የከተማውን ሰው ሁሉ ሥራ አስገብቶታል፣ ያውም ሰዎቹ ሒሳብ እየከፈሉት! ከኋላ ደግሞ ወንድሜ ጉልበቱን አቅፎ በአድናቆት ይወዛወዛል። «እታለም፣ ኧረ ጥሩ ነው የሚነዳው! አባባ ይቅርታ፣ እኔ በበኩሌ አምኛለሁ» አለ። አሳማኙ ራሱ አመነና አረፈ። እንግዲህ ቀረሁ እኔ ብቻ። አሁን ዝም ብል፣ ነገ ጠዋት አባባ ጃኬቱን ደርቦ ይወጣል፣ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ አንድ ቀን ባዶውን እስኪመለስ ድረስ።

ዋናው መንገድ መጋጠሚያ ላይ ደረስንና ቆመ። ግራውን አየ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ በቀላል ድምፅ፣ «በቀኝ በኩል ያለችው ሴት ታውቅሻለች እንዴ? ትኩር ብላ የምታይሽ መሰለኝ» አለኝ። ወደ ቀኝ ዞርኩ። ሴት የለም። አንድ ሰማያዊ አውቶቡስ፣ ግድግዳ የሚያክል፣ እግረኛ እስኪያልፍ ቆሞ ሊነሳ ያንኮራፋል። ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ ነፋ።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«አንተ ንገረኝ አባባ። በቀኝ ማን አለ?»

መሪውን የያዘበት እጁ ጠበቅ ሲል አየሁት። ወንድሜ ከኋላ አፉን ሊከፍት ሲል እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ጉልበቱን ቆነጠጥኩት። አባባ ትንሽ አሰበና፣ «ማንም የለም» አለ። እኔ አልመለስኩም። ወንድሜም አውቶቡሱን አይቶታል፤ አሁን ገባው። ከዚያ አውቶቡሱ ተነሳና በፊታችን አለፈ፣ ረጅም ነው፣ አላልቅ አለ፣ መስኮቶቹ አንድ በአንድ በአባባ ፊት ላይ እያለፉ። አባባ ጭራው እስኪጠፋ በዓይኑ ተከተለው። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሞተሩን አጠፋ። ከኋላ ክላክሱ በሦስት በአራት ሆነ፣ ስድቡም ተጨመረበት፣ እሱ ግን በሩን ከፍቶ ወረደ። ኮፈኑን በእጁ እየዳሰሰ በፊት ለፊት ዞሮ መጣና በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተ። ቆመ። እንደዚህ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ዙሪና ያዢ» አለኝ።

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መሪ የያዝኩት ግን በፈተናው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን አስነክቶኝ! ዞሬ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና ሙቅ ነው። አባባ የእኔ ቦታ ላይ ገባና በሩን ሁለት ጊዜ ዘጋው፣ ከዚያ በኩል መዝጋት አልለመደማ። «ፍሪሲዮን እርገጪ። አንደኛ። ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ቀስ አልኩሽ እኮ!» መኪናዋ ዘላ ጠፋች። አስነሳኋት፤ ደግማ ዘላ ጠፋች። ወንድሜ ከኋላ የፊት ወንበሩን አንቆ ይዟል፤ ከተማረው ሁሉ አንዲትም ነጥብ አልቀረችለትም። ከኋላችን አንዱ ወርዶ መጮህ ሲጀምር አባባ አንገቱን በመስኮት አወጣና «ተማሪ ናት! ልጄ ናት፣ ምን ሆንክ!» ብሎ ጮኸበት። በሦስተኛው ተነሳን። እንደ ኤሊ እየተንፏቀቅን መጋጠሚያውን አለፍን፣ እኔ ግራ ቀኙን እያየሁ።

ጥቂት እንደሄድን አባባ ማዘዙን አቆመ። ዓይኔን ከመንገዱ መንቀል ፈርቼ በጎን ሰረቅ አደረግኩ። ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል። በደህናው ዓይኑ፣ በግራው፣ ትኩር ብሎ።

«አንቺ ልጅ፣» አለ፣ «ይሄን ሁሉ ሽበት መቼ ነው ያወጣሽው?»

«ቆይቷል አባባ።»

«እኔ እኮ አላየሁም» አለ። እጄን በእጁ ይዞ ማርሹ ላይ አስቀመጠው። «ሁለተኛ አስገቢ።»